እያደር ልጅ የሚሆን ድንጋይ

ጌጡ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውረዱ በፊት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሰማዩን አንዴ በቁጣ ማየት ልማዱ ነበር። ሰማይ ለእሱ ሙያ፣ ከድንጋይ የሚወጣን ስስ ጨረር ለመቁጠር፣ ጠላት ነው። በማይታይ ካፊያ፣ ጣሪያም አናትም ሰንጥቆ የሚያልፍ ጨረር ሲያዘንብ ይውላል፤ ጌጡም ይህን ካፊያ ሽሽት ነው የተተወ የወርቅ ማውጫ ሆድ ውስጥ ባለ ቤተ ሙከራ፣ ተራራ ሙሉውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ የሚሠራው። የአሳንሰሩ ሹፌር ጋሽ ቦሩ፣ ወርቅ ይወጣበት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ የጉጂ ሰው፣ የሽቦ በሩን ሲከፍቱለት አንድ ቀን እንኳ ሳያሾፉበት አያሳልፉም።

«ኢንጂነር፣ ዛሬስ ትወጣለህ ወይስ እዚያው ትበቅላለህ?»

«ከበቀልኩ ውሃ ያጠጡኝ።»

አሳንሰሩ ሲጢጥ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ የሳር ሽታ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ ይመጣል፣ እሱም ሲጠፋ የቀረው የረጠበ ብረትና የማንም ሳንባ ያልነካው አየር ነው። ጨለማው እዚያ ታች እንደ ላዩ ጨለማ ብርሃን የጎደለው ዓይነት አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ውፍረት ያለው፣ መብራት ሲበራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ የሚጠብቅ ነው።

ታች ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፣ ይታጠባል፣ ነጩን ካፖርት ይለብሳል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ የዚያ ቤት ሕግ ነው። ሰው መቼም ራሱን ዝም ያለ ፍጥረት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር ሥጋውና አጥንቱ ውስጥ የገባ ፖታሲየም የሚሉት ነገር አለ፤ ከእሱም ጥቂቱ፣ ብረት ድስት ላይ እንደቀረ የገብስ ፍሬ፣ አልፎ አልፎ ይፈነዳል። ከወንበሩ ጀርባ ያለው መቁጠሪያ ያችን ፍንዳታ ሰምቶ በትንሽ ድምፅ ማጉያ «ጠቅ» ይላል። የውጭ አቧራ ይዞ የገባ ሰው ድምፁ ስለሚበዛ ተመልሶ ይታጠባል። ሠራተኞቹ ይህን «ሰላምታ» ይሉታል። «ሰላም ተባልክ?» ነው ጥያቄው። ጋሽ ቦሩ አንድ ቀን ለጨዋታ ቢቀመጡበት፣ ግዙፍ ሰው ናቸውና፣ ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ መስሎ ነበር።

ከወንበሩ ባሻገር የብረት በር፣ ከበሩ ባሻገር ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን ጡብ በጡብ የገነባው ጌጡ ነው። ጡቡ ከባሕር ወለል፣ ከሰጠመ የጥንት መርከብ የወጣ እርሳስ ነው፤ ጥይት የሚሠራበት ያ ከባዱ። አዲስ እርሳስ ራሱ ይንጣጣል፤ እሱም እንደ ሰው ካላረጀ አፉን አይዘጋም። በዚያ ዝምተኛ ግንብ መካከል፣ ቦረና ግጦሽ ላይ ከሰማይ የወደቀ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ከሌላ መቁጠሪያ ጎን ተኝቷል። በድንጋዩ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰነፍ ብረት አለ፤ እንዴት ያለ ሰነፍ ቢሉ፣ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ተወልዳ ሦስት ጊዜ ብታረጅ እንኳ ፈራርሶ ግማሹ የማያልቅ። ምድርም ጨረቃም ስንት ዓመታቸው እንደሆነ የሚታወቀው ይህን ስንፍና በመቁጠር ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ድንጋይ ወጣት ሲሆን ወሬ ያበዛል፣ ሲያረጅ ቃሉን ይቆጥባል። የጌጡ ድንጋይ ደግሞ የሽማግሌዎች ሽማግሌ ነበር። «ጠቅ» ይላል። ሰው ተሰላችቶ ሊነሳ ሲል እንደገና «ጠቅ»። ጌጡ ያችን ድምፅ እየጠበቀ ተቀምጦ ጠጉሩን አሸብቷል፤ ሚስት ሳያገባ፣ ሌላ ሥራም ሳይለምድ። የድንጋዩን ዕድሜ ለዓለም የሚናገርበትን ቀን በልቡ ስንቴ ደግሶ ስንቴ እንግዳ እንደጠራ እሱ ያውቃል።

እንዲህ እያለ ትርሲት መጣች።

ዶክተር ትርሲት ከውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ስትሠራ የምታንጎራጉር፣ ሰውን ሁሉ የምታመሰግን ወጣት ነበረች። በመጣች በሳምንቷ ሳጥኑ ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ «ጋሽ ጌጡ፣ ምን ዓይነት ግንብ ነው የሠራኸው! እናቴ ብታይህ ቤት ታስገነባህ ነበር» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰታል። ጌጡ ያየው መዳፏን ብቻ ነው። እሱ ያንን እርሳስ ሲነካ ጓንት ያጠልቃል።

የቤቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዳምጠው ጠሩት። ከማዕድን መሥሪያ ቤቱም ከዩኒቨርሲቲውም ብዙ እንግዶች ሊመጡ ነው።

«ጌጡ፣ የኔ ጌታ፣ ዕድሜውን ለእንግዶቹ የምትናገረው ትርሲት ናት። የጥናቱ ጽሑፍም በእሷ ስም ይወጣል።»

«የእኔስ፣ ፕሮፍ?»

«ያንተማ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ጋ አለ። አንተ ባትኖር እኮ ባዶ ነን!»

ጌጡ ሳቀ። ጥርሱ ሳቀ እንጂ ከጥርሱ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ጠቆረ። ሙሽራ አሳድጎ፣ አጥቦ፣ አስጊጦ ለመንገደኛ የዳረ ሰው የሚሰማውን ሰማ። ያን ቀን ትርሲት በብረቱ በር ገብታ ስታንጎራጉር ሲሰማ ቆየ፤ ድንጋዩም ለእሷ «ጠቅ» አላት፤ ጌጡም ልክ የገዛ ስሙ ከሌላ ሰው አፍ ሲጠራ እንደሰማ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ነውር የሚታይ አንድ ነገር ቢኖር ሙዝ ነው። ሙዝ ያ ፖታሲየም የሚሉት ሞልቶታል፤ ስለዚህ ከአሳንሰሩ ወዲህ ሙዝ ይዞ የተገኘ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፉጨት ያፏጨ ያህል ነው። ጌጡ በማግስቱ የአርባ ምንጭ ሙዝ በካልሲው ወሽቆ ወረደ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ አልፎ፣ ከሳጥኑ አንድ ጡብ ነቅሎ፣ ሙዙን ከኋላው ሸጉጦ ጡቡን መለሰ። በአፉ ላይ እጁን ጭኖ ብቻውን ሳቀ። ሙዙ ሲንጣጣ የድንጋዩ ወሬ በዝቶ ይቆጠራል፤ ወሬ ከበዛ ድንጋዩ ወጣት ይመስላል፤ ትርሲትም በእንግዶች ፊት ሽማግሌውን ጎረምሳ ብላ ትዋረዳለች። ያኔ ፕሮፌሰሩ ወደ ማን እንደሚዞሩ ግልጽ ነው።

ነገሩ እንዳሰበው ሆነ፤ እንዲያውም ከዚያ በለጠ። ድንጋዩ ወሬ ጀመረ። ትርሲት ማንጎራጎሯን ተወች።

«ጋሽ ጌጡ፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ነበር አይደል? አሁን አራት ሺህ እንኳ አይሞላም። ትናንት የነገረኝን ዛሬ ይክዳል።»

«እንግዲህ ድንጋይም ሰው ያያል» አላት።

ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ገርጥቶ ወረዱ፤ ጌጡን ወደ ጥግ ወስደው ትከሻውን ያዙት። «አንተ ነህ ጠባዩን የምታውቀው። እንግዶቹ ሳይመጡ አስተካክልልኝና ቃሌ ነው፣ ስምህ ከፊት ይሆናል። አንተው ትናገራለህ።»

ጌጡ ይህን ሲሰማ በደስታ ወደ ሳጥኑ ሮጠ። በሩን ከውስጥ ዘግቶ ጡቡን ነቀለና ሙዙን ሳበው። ሙዙ አልመጣም። ደግሞ ሲስበው ከጣቱ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሲወድቅም እንደ መዶሻ ጮኸ።

አነሳው። ቅርጹ ያው ሙዝ ነው፣ ልጣጩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም አልጠፉም፤ ነገር ግን ጥቁርና ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ መዶሻም ይከብዳል። ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ምንም የለም። በዓለም ላይ ያለ ሙዝ ሁሉ ይንጣጣል፤ ይኼ ዝም ብሏል። ዝምታው ደግሞ የባዶ ወንበር ዝምታ ሳይሆን፣ የሚናገረውን ሁሉ ተናግሮ የጨረሰ ነገር ዝምታ ነበር።

ከጀርባው፣ ከተከፈተው ቀዳዳ፣ ድንጋዩ አሁንም ያወራል። ሙዙ ወጥቷል፤ ወሬው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ጌጡ ወደ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ሲቀርብ ፈጠነ። ወደ ኋላ ሲል ረገበ። ደግሞ ቀረበ። ልጅ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ወደ በር እንደሚሮጠው ዓይነት ሩጫ ነበር።

መሸሽ ይችል ነበር። አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው አሳንሰሩን ጠርቶ ይወጣ ነበር። ጌጡ ግን በዚያች ቅጽበት ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእሷ እንዲህ አድርጎ ያውቃል? ማግስቱን ትርሲት ስትገባ በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። ድንጋዩ ለእሷ እንደ ድሮው፣ በጨዋነት፣ እየቆየ ነው የመለሰላት። ጌጡ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፈገግ አለ።

ከዚያ ወዲያ ከሳጥኑ ጎን መዋል ጀመረ። ለፕሮፌሰሩ «እያስተካከልኩት ነው» ይላቸዋል። ጀርባውን እርሳሱ ላይ አስደግፎ ሲቀመጥ ድምፁ ከጡቡ አልፎ የጎድን አጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ ጨለማው ውስጥ አንዳች ሽታ አለ፣ መጀመሪያ ዝናብ የነካው አቧራ የሚመስል፣ ቆይቶ ደግሞ የማያውቀው፣ ግን የሚያባባ። ምግብ አላሰኘውም። ላብ አላላበውም። እጁን ሲታጠብ ውሃው እንደ ሰው ቆዳ አያርሰውም፤ እንደ ዘይት ተንከባሎ ይወርዳል።

አንድ ቀን ማለዳ አሳንሰሩ ላይ ሲቆም ገመዱ አቃሰተ። ጋሽ ቦሩ ማንሻውን እንደያዙ አዩት።

«ኢንጂነር፣ ከበድክ።»

«ቅቤ በላሁ።»

«ፊትህስ ከስቷል።» የሽቦ በሩን ሳይዘጉ ቀጠሉ። «ያ ድንጋይ የወደቀ ሰሞን የእህቴ ልጅ እዚያ ነበር። ሲወድቅ ሙቅ ነበር አሉ፤ አንድ ጥጃ ብርድ ሸሽቶ አጠገቡ ተኛ። ሊነጋ ሲል ሊያስነሱት ቢሄዱ ቆዳው ያው፣ ዓይኑም እንደተከፈተ፤ አራት ጎልማሳ ተረዳድቶ ሊያነሳው አልቻለም።»

«ጋሽ ቦሩ፣ እርስዎ ደግሞ! አምስተኛ ጎልማሳ ቢጨመር ኖሮ ይነሳ ነበር።»

ጋሽ ቦሩ አልሳቁም። በሩን ዘጉለትና ከሌላው ቀን ሁሉ ቀስ አድርገው አወረዱት።

ትርሲት ታች ትጠብቀው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ጠበቁ። ድምፅ ማጉያው ቆየ፣ ቆየና አንዲት ደካማ «ጠቅ» አለች፤ ከዚያ ዝም።

«ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ስትል ልትቀልድ ሞከረች። «ወንበሩ ተበላሽቶ ይሆናል።» እሷ ስትቀመጥበት ወንበሩ በደህና ሰላም አላት፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ፊቷ ተለወጠ። ጌጡ ግን ያንን ሰላምታ ሲሰማ ፍርሃት አልያዘውም። ያለው ሁሉ የእሷ መሆኑ፣ ወንበሩ እንኳ ለእሷ መንጣጣቱ ነው ያንገበገበው። በማግስቱ በኪሱ ሙዝ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። ሙዙ ይንጣጣለታል፤ ሰዎቹም ሰላም ተባለ ይላሉ።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ትርሲት በብረቱ በር ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችው።

«ጋሽ ጌጡ፣ አትግባ። የድንጋዩን ዕድሜ አይተሃል? ዛሬ ያለው ቁጥር የተራራ ዕድሜ እንኳ አይደለም፤ የሰው ዕድሜ ነው። እና ደግሞ የሚወርደው አንተ እዚያ ስትውል ብቻ ነው። እኔ ስገባ ይቆማል። እባክህ ለአንድ ቀን እኔ ልዋል፣ አንተ ውጣና ፀሐይ ሙቅ።»

«ታውቂያለሽ?» አላት በጣም በዝግታ። «ይህን ቃል ነው ስጠብቅ የነበረው። ‹እኔ ልዋል።›»

«ስለ ስም መስሎህ ነው? ስሙን ውሰደው! ከፈለግህ የኔን ጭራሽ ፋቀው። እጅህን እኮ እያየሁት ነው፣ ጋሽ ጌጡ፤ ጥፍርህ ጠቁሯል።»

«ጋሽ አትበይኝ።»

በትከሻው ገፋ አደረጋት። ገፋ ነው ያደረጋት፤ እሷ ግን መኪና እንደገጫት ሁሉ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ሊያነሳት ፈልጎ ጎንበስ ሲል ከበሩ ወዲያ ድንጋዩ ሲሮጥ ሰማው። ተዋት። ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ።

በሩን ስትደበድብ ጥቂት ሰማ፤ ከዚያ የድንጋዩ ወሬ ሁሉንም ሸፈነው። አሁን «ጠቅ» እና «ጠቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፣ ቆይቶ ዝናቡም ተያይዞ አንድ ረጅም እንጉርጉሮ ሆነ፤ እንጉርጉሮው ደግሞ ትርሲት ድሮ የምታንጎራጉረው መሆኑን ሲያውቅ ጌጡ ጥርሱን ነከሰ። ሽታውን አሁን ለየው። የአራስ ቤት ሽታ ነው፤ ወተትና ሙቅ ጠጉር። ያ በረዶ የነበረው እርሳስ ከጀርባው ሞቀ። ከውስጥ፣ ከጡቡ ወዲያ፣ ጥፍር የሚመስል ነገር ቀስ ብሎ ጫረ።

ጌጡ ጓንቱን አወለቀ። ጡቡን ሲነቅል ክብደቱ አልታወቀውም። ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ሲያደርግ ጨለማ ብቻ አየ፤ ነገር ግን ሙቅ ትንፋሽ ዓይኑን ነካው። «ለእሷ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀ። እጁን እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎ እስከ ትከሻው አስገባ። አንዳች ነገር መዳፉን ያዘው፤ ቦይ የሚሻገርን ሰው እንደሚያግዙት በልስላሴ፣ በጨዋነት ያዘውና ሳበው።

መብራቱ ጠፋ።

ጌጡ አምፖሉ የተቃጠለ መስሎት እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ። የሚሰደድ እጅ አላገኘም። ትርሲትን ሊጠራ ፈለገ፤ የሚከፈት ነገር የለም። ብርድ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ላይና ታች የለም። በጣም ከቆየ በኋላ ከገዛ ውስጡ፣ ከመካከሉ፣ አንድ ነገር ተሰበረ። «ጠቅ» አለ። ሌላው እስኪመጣ ጠበቀ። ጠበቀ። መጠበቅ ብቻውን ቀረለት።

ከዚያ እርሳስ በእርሳስ ላይ ሲፋተግ ተሰማና ብርሃን ገባ። የትርሲት ፊት፣ ቤት የሚያህል፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ አየው። ግንባሯ ላይ ፋሻ ነበር።

«ተመልሷል!» አለች። «ፕሮፍ፣ ይዩት፣ ቁጥሩ ልክ ገብቷል። አራት ሺህ አምስት መቶ። እንደ ድሮው ቃሉን የሚቆጥብ ሽማግሌ ሆኗል።»

ከጀርባዋ ፕሮፌሰሩ እንግዶቹን አስከትለው ቆመዋል። ከፕሮፌሰሩ ጎን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አለ። ፊቱ የጌጡ ፊት ነው፤ ግን የተኛ፣ የጠገበ፣ ከዓይኑ ሥር ጥቁረት የሌለው። ሰውየው ጣቶቹን ገና እንደተሰጡት ሁሉ አንድ በአንድ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ትርሲት» አላት ሰውየው። ድምፁ ገር ነበር። «ሰሞኑን ራሴን አልነበርኩም።»

«ኧረ ተወው፣ አሁን ደህና ሁን እንጂ። ወንበሩ እኮ ዛሬ ጨፈረልህ፤ ጋሽ ቦሩን እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

ፕሮፌሰሩ የሰውየውን ትከሻ አቅፈው ወደ እንግዶቹ አዞሩት። «ይህን ድንጋይ ያስታመመ፣ ዕድሜውንም ዛሬ የሚነግራችሁ እሱ ነው» አሉ።

ሰውየው ከመናገሩ በፊት ወደ ሳጥኑ ተመለሰና ጡቡን አነሳ፤ በጥንቃቄ፣ በባዶ እጁ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቦታው መለሰው፤ የመጨረሻዋ የብርሃን ክር ተዘግታ ከግንቡ ወዲያ ጭብጨባው ሲጀምር፣ ሰዎቹም «ጌጡ! ጌጡ!» ሲሉ፣ ጌጡ በጨለማው ውስጥ በጌጡ ቀና።